ያልተከፈለበት ሩጫ

መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 7 ቁጥር 10 ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። «ድሮ ለምን ይሻል ነበር» እያለ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ከጥበብ እንዳልመነጨ ይነግረናል። ማስጠንቀቂያው እኔን ይመለከታል፤ ድሮን የምናፍቅ ሰው ነኝና። የምናፍቀው ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ርካሹን ጤፍም አይደለም። የምናፍቀው ከፈረቃ ወጥተው ይሮጡ የነበሩ ሰዎችን ነው፤ ወታደር፣ ፈታይ፣ ዘበኛ ሆነው ውለው፣ ሲመሽ ወይም ሳይነጋ ቁምጣና ካናቴራ ለብሰው አስፋልት ዳር የሚወጡትን፣ ሮጠውም አንድ ሳንቲም የማያገኙትን። ታዲያ ይህን መናፈቅ ከጥበብ የራቀ ነው ወይ? ለእኔ ይህ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም። የሰው ሥራ ዋጋው ምን ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው፤ እግዚአብሔርም ፊት የሚያስጠይቅ ይመስለኛል።

ጉልበቴን የጨረስኩት አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በፈትል ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው የሩጫ ቡድን ነበረው። ቱታው ለሁሉም አይዳረስም፤ ለውድድር የወጣ ለብሶ፣ ሲመለስ አጥቦ ለባለተራው ያስረክባል። ጫማችን ሸራ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ያደረ ሰው ንጋት ላይ ከፋብሪካው በር ሳይርቅ ልብሱን ቀይሮ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ዱከም ይነሳል። መጀመሪያ ሳል ነው። ሌሊቱን ሲተነፍሰው ያደረው የጥጥ ብናኝ ጉሮሮው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ነጭ ምራቅ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽ የሚከፈተው። ያን ትንፋሽ የቀመሰ ሰው ለምን እንደምንሮጥ አይጠይቀንም ነበር። ተመልሰን በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፣ ያለው በማር፣ የሌለው በጨው። ከዚያ እንቅልፍ፤ ማታ ደግሞ ማሽን።

ጃን ሜዳ ለአገር አቋራጭ ስንወጣ ከምድር ጦር፣ ከአየር ኃይልና ከፖሊስ ከመጡት ጎን እንሰለፋለን። እነሱ ከእኛ ይቀድማሉ፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ቀን እነሱም ወደ ጥበቃቸው፣ እኛም ወደ ፈትላችን ነው። ካሸነፍክ ዋንጫ፣ ካልሆነም የምስክር ወረቀት። ብርድ ልብስ የተሸለመ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ለዓመት ይወራለታል።

አሠልጣኝ የሚባል አልነበረንም። የነበሩን የበሩ ዘበኛ ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር። ወጣትነታቸውን በክብር ዘበኛ ያሳለፉ ወታደር ሲሆኑ፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ከጦሩ ተለይተው፣ ብዙ ተንከራትተው እኛ በር ላይ ደረሱ። በወታደርነታቸው ከነአበበ ቢቂላ፣ ከነማሞ ወልዴ፣ ከነዋሚ ቢራቱ ጋር ሮጠዋል። «የአበበን ጀርባ እንደኔ የሚያውቅ የለም» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ፊታቸው ላይ ኩራት እንጂ ቅሬታ አይታይም። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ያኔ እዚያ የቆመውን የአክሱምን ሐውልት አልፎ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ እሳቸው ካምፕ ውስጥ ተረኛ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨምሩት ነገር አለ፤ «አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጥቷል እኮ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ወጥቷል። ከእሳቸው በቀር ይህን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው ግን አላስታውስም።

ዛሬ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲነሳ የሚባለው ሁሉም ጋ አንድ ነው። ያኔ ለባንዲራ ይሮጡ ነበር፣ ዛሬ ለዶላር ነው፤ ያኔ ንጹሕ ነበሩ፣ ዛሬ ነጋዴ ሆነዋል። የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። በዘመናቸው ያዩትን ትልቅ ነገር ስም ሊያወጡለት ሲሞክሩ ነው። ነገር ግን ስሙ የተሳሳተ ነው፣ የተሳሳተ መሆኑንም ያወቅሁት ከዚያው ከበሩ ላይ ነው።

አንድ ማታ ከእኛ መሐል አንዱ ልጅ ጋሼን ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ ለሩጫ ገንዘብ የሚሰጥ ቢኖር ይቀበሉ ነበር?»

«አልቀበልም ያለህ ማነው?» አሉት። «ልጆቼ ጦማቸውን ሲያድሩ? በሁለት እጄ ነበር የምቀበለው።» ዱላቸውን አስተካክለው ጥቂት ቆዩና፣ «ባይሰጡኝም ግን ሮጫለሁ። አልሮጥኩም?» አሉ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። ናፋቂዎች ሁለተኛውን ይዘው የመጀመሪያውን ይጥላሉ። ሩጫን በገንዘብ ብቻ የሚለኩት ደግሞ የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን አይሰሙም። ጋሼ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የያዙት።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጾምን ታውቃለች፣ ረሃብንም አገራችን ታውቃለች። ጓዳው ባዶ ስለሆነ ሳይበላ የዋለን ሰው ጾመ አንልም፤ ተራበ ነው የምንለው። ጾም የሚሆነው እንጀራው እያለ እጅ ሲሰበሰብ ነው። በአንድ ሰው አንድ ቀን ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ። ችጋር ያለበት ቤት ውስጥ ሆኖ ካለችው ላይ ረቡዕን የሚጾም ስንት አለ! እነዚያን ሯጮች ስናደንቅ የምንስተው ይህን ይመስለኛል። ደሃ መሆናቸው፣ ሳይከፈላቸው መቅረቱ፣ ጫማ ማጣታቸው ረሃባቸው ነበር። ጾማቸው ሌላ ነው፤ ከ8 ሰዓት የቁም ሥራ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ወደ ዱከም መነሳታቸው ነው። እኛ ግን ረሃባቸውን ጾም ብለን እናወድሳለን፣ በሰው ችጋር ደግሞ የራሳችንን ትዝታ እናስጌጣለን። ይህ ለእኔ ኃጢአት ነው። መክብብም ያስጠነቀቀን ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ስለ ሯጮች ይናገራል። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ክፍል ያልተማረ የለም። የምንዘለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ምዕራፉ አብዛኛው ስለ ደመወዝ ነው። ጳውሎስ ረዘም አድርጎ የሚከራከረው የሚሠራ ሰው ከሥራው የመብላት መብት እንዳለው ነው፤ ወታደሩን፣ ወይን ተካዩንና እረኛውን ለምስክርነት ይጠራል፣ በመሠዊያው የሚያገለግል ከመሠዊያው እንደሚካፈል ያስታውሳል። መብቱን እንዲህ ካቆመ በኋላ ነው እርሱ ራሱ እንዳልተጠቀመበት የሚናገረው። ሯጮቹ የሚመጡት ከዚያ ወዲያ ነው። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። በቆሮንቶስ በአቂላና በጵርስቅላ ቤት በእጁ እየሠራ ነው የኖረው። ከዚያች ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ የነበረውን የሩጫና የትግል ውድድር የሚያሸንፍ ሰው የሚደፋው አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ ነበር፤ ጳውሎስም የሚጠፋ አክሊል ሲል አንባቢዎቹ ምን እንደሚል ያውቃሉ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ መብት፣ ቀጥሎ መተው፣ ከዚያ ሩጫ። ሰው መተው የሚችለው የራሱ የሆነውን ነው። አበበ ቢቂላ ምን ይተው? ሮጦ ገንዘብ የሚቀበል ከኦሊምፒክ የሚባረርበት ደንብ ነበር፤ መብቱን አስቀድሞ የወሰደበት ያ ደንብ ነው። መብቱን ወስዶ «እንዴት ያለ ለገንዘብ የማይጓጓ ሰው!» ብሎ ማመስገን የሰውን እጅ አስሮ ትሕትናውን እንደማድነቅ ነው።

ደንቡም ከደሃ ቤት አልወጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር የአትሌቲክስ ውድድር ሲደራጅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሕጎች መካከል መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የጉልበት ሠራተኛ ከጨዋዎቹ ጋር እንዳይሮጥ በግልጽ የሚከለክል ነበረበት። በ1880 እ.ኤ.አ. ይህ አንቀጽ ቀረ፤ የገንዘቡ ክልከላ ግን ለመቶ ዓመት ያህል ቆየ። ርስት ያለው ሰው በነጻ መሮጥ አይከብደውም። ለአንድ ውድድር የሦስት ቀን ደመወዝ የሚቆረጥበት ሰው ነው የሚከብደው። ያም ሆኖ በ1896 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ ውሃ እያመላለሰ የሚተዳደር ሰው ነበር። አጥሩን የሠሩት ጌቶች ናቸው፤ የዘለሉት ደግሞ ውሃ ቀጂዎች።

በ1924 ዓ.ም. ሦስት ሯጮች ተወለዱ። ሁለቱን ሁላችን እናውቃቸዋለን፣ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ። ሦስተኛው ጆን ታራንት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከወንድሙ ጋር በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ፣ በጉልበቱ ያደረ ሰው ነበር። በጉርምስናው መንደር ውስጥ በሚደረግ የቡጢ ግጥሚያ ባጠቃላይ 17 ፓውንድ አገኘ። በኋላ ሩጫ ልቡን ሲይዘው ክለብ ሊገባ አመለከተ፣ ስለ 17 ፓውንዱም ሳይደብቅ ተናገረ። በእውነተኝነቱ ምክንያት ከውድድር ታገደ። እሱ ግን መሮጡን አልተወም። ኮት ደርቦ ከተመልካቹ መሐል ይቆምና ሽጉጡ ሲተኮስ ኮቱን ጥሎ ያለ ቁጥር ይገባል። ጋዜጦች «መንፈስ የሆነው ሯጭ» አሉት። ቢያሸንፍም ስሙ ከውጤት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በኋላ በአገሩ ውስጥ እንዲሮጥ ቢፈቀድለትም ለአገሩ እንዲሮጥ ግን ሳይፈቀድለት ቀረ፤ አበበ ሮም ላይ ሲሮጥ ታራንት ያን መስመር የማየት ዕድል አልነበረውም። ሰው በማይሮጠው ርቀት፣ በ40 ማይልና በ100 ማይል የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ1967 ዓ.ም. በሆድ ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 42 ነበር። አበበም ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ በ41 ዓመቱ አርፏል።

የታራንትን ታሪክ የማነሳው ያን ንጹሕ ዘመን ለሚናፍቁ ሰዎች ነው። የዘመኑ ንጽሕና ይህን ይመስል ነበር። በሌላ በኩል ግን ያለ ክፍያም፣ ያለ ባንዲራም፣ ያለ ስምም የሮጠ ሰው እነሆ። ከንቱ ውዳሴ እንኳ አልደረሰውም። እንዲህ ያለውን ሩጫ ከጾም በቀር በሌላ ስም ልጠራው አልችልም።

ከባዱ ነገር የወታደሮቹ ነው። የእኛ ታላላቆች አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው፣ ወታደር ደግሞ በትእዛዝ ነው የሚሮጠው። ትእዛዝ ባለበት ፈቃድ የት አለ? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ 40 ቀን ሳይሞላው ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፣ ሜዳው ላይም ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ከእሱ በኋላ ስታዲየም የደረሰው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር፤ እሱም ወታደር ነው። በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት፣ ስታዲየሙ ውስጥ፣ በእንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ተቀደመና 3ኛ ወጣ። ነሐሱን እንደ ውርደት ቆጠረው፤ በቀጣዩ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የመካስ ዕዳ ጫንቃው ላይ እንዳለ፣ ሰውነቱም ተጎድቶ፣ በ1960 ዓ.ም. በ27 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። እሱም አልተከፈለውም። ለባንዲራም ሮጧል። ለባንዲራ መሮጥ በራሱ ያነጻል የሚል ሰው የዚህን ወታደር ስም አንስቶ ይመልስልኝ። ገንዘብ ነፍስን ሊገዛ እንደሚችል ሁላችን እንናገራለን። ክብርም፣ የአገር ስምም ነፍስን ሊገዛ እንደሚችል ግን የምንናገረው ጥቂት ነን።

በአበበ ልብ ውስጥ ትእዛዙ ስንቱን፣ ፈቃዱ ስንቱን እንደያዘ የሚያውቅ ፈጣሪው ነው። ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ተነሳ፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወጣ፣ ወርቁን ማሞ አመጣው። ማሞ ከ4 ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ደግሞ 3ኛ ወጥቷል። በዚያ ዕድሜ ሰውን ማራቶን ላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ የምናፍቀው ምኑን ነው? ረሃቡን ካልሆነ፣ ደንቡን ካልሆነ፣ ትእዛዙን ካልሆነ የቀረ ነገር አለ፣ እሱንም አሳልፌ አልሰጥም። የምናፍቀው ሩጫው ከእኛ ኑሮ ጋር የነበረውን ዝምድና ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ እኛ ማሽን ላይ ነበርን። ፈትል ክፍል ውስጥ ራዲዮ ቀርቶ የጎረቤትህ ጩኸት አይሰማም፤ የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። አንዱ ከውጭ ሮጦ ገባና አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፣ ቀጥሎ እጁን ዝቅ አድርጎ ማርሽ እንደሚቀይር ሾፌር ወደፊት ገፋው። በቃ። ምልክቱ ከማሽን ወደ ማሽን እየተቀባበለ እስከ አዳራሹ ጥግ ደረሰ፤ ሴቶቹ ማሽን ሳያቆሙ በእልልታ አፋቸውን ሲከፍቱ ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ምሩጽ የአየር ኃይል ሰው ነበር፤ የእሱ ካምፕ የኛው መንገድ ዳር፣ ደብረ ዘይት ነው። በወጣትነቱ ፋብሪካ ሠርቷል፣ ጋሪ ነድቷል። በ1968 ዓ.ም. ጉልበቱ ሙሉ ሳለ ቡድናችን በአፓርታይድ ምክንያት ሞንትሪያልን ጥሎ ሲመለስ እሱም ሳይሮጥ ተመልሷል። ሞስኮ ላይ ከ10 ሺሁ አምስት ቀን በኋላ 5 ሺሁንም ሲደግም፣ ያሸነፈው ሩቅ ያለ ኮከብ ሳይሆን እንደኛ ሳል የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ሁላችን ይሰማን ነበር። በማግሥቱ ንጋት ላይ ቡድን ውስጥ የሌሉ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ዱከም ወጡ።

ይህ ዝምድና ከድህነቱ ጋር አብሮ መጣ እንጂ ከድህነቱ አልተወለደም። ልዩነቱን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ዛሬም ሱሉልታ፣ ዛሬም እንጦጦ፣ ዛሬም በቆጂ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጡ ልጆች አሉ። ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቶቹን ነው። የሚበዙት አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከአገር ቤት በመጣ ቆሎና በሶ እየተረዱ፣ አንድ ቀን ሰው ያየናል ብለው የሚሮጡ ናቸው። ለእነሱም አይከፈላቸውም። ያለፉትን ያልተከፈላቸውን ሯጮች የሚናፍቅ ሰው ዓይኑ ፊት ያሉትን ያልተከፈላቸውን ሯጮች ካላየ፣ ያ ናፍቆት በእርግጥ ጥበብ የለበትም፤ መክብብ ፈርዶበታል። እነዚህ ልጆች ለዶላር ነው የሚሮጡት ይባላል። ከዳገቱ ላይ አይቻቸዋለሁ። ዶላር አንድን ሰው ሱሉልታ ሊያደርሰው ይችላል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ከፍታ፣ ሳንባ ሊፈነዳ በደረሰበት በመጨረሻው ዳገት ላይ ግን የሚገፋው ሌላ ነገር ነው፤ የእኛን ትንፋሽ የከፈተው ያው ነገር። መብት ስለተጨመረለት አይጠፋም። እንዲያውም ጳውሎስ እንዳሳየን፣ መብት ሲኖር ነው ስጦታ ስጦታ የሚሆነው። ታላቅ የሆነ ሯጭ ሽልማቱን ወስዶ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሲያሠራ፣ አበበ ሊያደርገው ያልቻለውን አደረገ። አበበ ስላነሰ አይደለም፤ የሚሰጠውን ስለከለከሉት ነው።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ሱሉልታ ካሉት አንዷ ናት። ባለፈው ክረምት ከአንድ የውጭ ወኪል የመጣላትን ውል ይዛ ቤቴ መጣች።

«አጎቴ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«ይሻል ነበር?»

«ወረቀቱን ስጪኝ» አልኳት።

ማታውን አብረን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው። ከሽልማትዋ 15 በመቶው ለወኪሉ ነው። የአውሮፕላን ትኬት እሱ ይችላል። ብትጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል ግን አልተጻፈም። ጋሼ ጉልበታቸው ሲያብጥ በሞቀ ጨው ያሹት እንደነበር ትዝ አለኝና፣ «ሕክምናው ሳይጻፍ አትፈርሚ» አልኳት። መልሳ ላከችው። ለሁለት ሳምንት መልስ ሳይመጣ ሲቀር እናትዋ ዕድሉን አስመለጥካት ብላ አኮረፈችኝ። ከዚያ ሕክምናው በአንቀጽ 6 ተጨምሮ መጣ፣ አብሬያት ሄጄ ፈረመች።